የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለሚሸጥ ዕቃ የትኛው ቦርድ ይሻላል?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሡት ችግር አንድ ነው። እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ባለ፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ባለቀ ትንሽ ኮምፒውተር የተሠራው ዕቃ ወርክሾፕ ውስጥ ደህና ይሠራል፤ ደንበኛ ዘንድ ሲገባ ግን ይታመማል። ለዚህ እትም ስድስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው የሌሎቹንም ጉዳይ ስለሚነካ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ ለክሊኒኮች የወረፋ ቁጥር ሰጪ ማሽን እንሠራለን። ታካሚው ቁልፍ ሲጫን በ58 ሚሊሜትር ፕሪንተር ቁጥር ይወጣለታል፤ ግድግዳ ላይ ባለው ቴሌቪዥን ደግሞ ተረኛው ቁጥር ይታያል። እስካሁን 6 ማሽን በራስፕቤሪ ፓይ 4 ሠርተን አስረክበናል። በ5 ወር ውስጥ የሦስቱ ሜሞሪ ካርድ ተበላሽቶ ማሽኖቹ አልነሣ ብለዋል። አሁን የ30 ማሽን ትእዛዝ አግኝተናል። ፓይ 5 ብንገዛ ችግሩ ይቀረፋል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይቀረፍም። ካርዱን የሚገድለው መብራት በሚሄድበት ቅጽበት እየጻፈ መገኘቱ ነው፤ ቦርዱ ፈጠነም ዘገየም ለውጥ የለውም። ፓይ 5 እንዲያውም ለእናንተ ሥራ ተጨማሪ ጣጣ ነው። 5 ቮልት በ5 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋል፤ 3 አምፔር ብቻ ካገኘ ለዩኤስቢዎቹ በድምሩ የሚለቀውን ወደ 600 ሚሊአምፔር ያወርደዋል። ሥራ ሲበዛበት ስለሚግል ማራገቢያ ያሻዋል፤ ማራገቢያ ደግሞ አቧራ ባለበት ክፍል መጀመሪያ የሚቆም አካል ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ የጤና ትምህርት ቪዲዮ ለማሳየት ካሰባችሁም ልብ በሉ፦ በየቦታው የሚገኘውን የኤች 264 ቪዲዮ በሃርድዌር የሚፈታው ፓይ 4 ነው። ፓይ 5 ላይ ያ ክፍል ስለሌለ ሥራው ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።

ካርዱ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ መፍትሔውን ያቀለዋል። ፍላሽ ሜሞሪ የሚሰረዘው በትልልቅ ብሎክ ነው። አንድ መስመር ሎግ (የሥራ መዝገብ) ሲጻፍ ካርዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ የድሮውን መረጃ አንሥታ ከአዲሱ ጋር ሌላ ቦታ ታሰፍራለች፤ ከዚያ የት እንዳስቀመጠችው በራሷ መዝገብ ትይዛለች። መብራት በዚህ መሃል ከሄደ የሚጎዳው ሲጻፍ የነበረው ፋይል ብቻ አይደለም። እዚያው ብሎክ ላይ የተኛ፣ ከተጫነ ጀምሮ ማንም ያልነካው የሲስተም ፋይልም አብሮ ይሄዳል። ደንበኞቻችሁ “ምንም ሳንነካው እምቢ አለ” ሲሉ እውነታቸውን ነው።

ለ30ው ማሽን የምንመክረው ኮምፒውት ሞጁል 4 ነው (የፓይ 4 ዋና ክፍሎች ብቻ ያሉበት፣ ሌላ ሰሌዳ ላይ የሚሰካ ትንሽ ቦርድ)፤ 2 ጊጋባይት ራም፣ 16 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ ማለትም በካርድ ፋንታ የሚያገለግል ማከማቻ ያለው። የፓይ 4 ሶፍትዌራችሁ ሳይለወጥ ይሄድበታል። አምራቹ ቢያንስ እስከ 2034 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ማምረቱን እንደሚቀጥል አስታውቋል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ መለዋወጫ ሲጠየቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለ30 ማሽን ብላችሁ ሞጁሉ የሚሰካበትን የራሳችሁን ተሸካሚ ሰሌዳ ማስነደፍ አይጠበቅባችሁም። የአምራቹ የራሱ አይኦ ቦርድ 160 በ90 ሚሊሜትር ነው፤ በቀጥታ 12 ቮልት ይቀበላል፣ ትልቁ ኤችዲኤምአይ፣ ሰዓትና የሰዓት ባትሪ ማስቀመጫ አለው። በአነስተኛ ኤችዲኤምአይ አስማሚ ምክንያት የሚመጣው “ቴሌቪዥኑ ጠፋ” የሚል ጥሪም በዚያው ይቀራል።

ኢኤምኤምሲው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይላላም፤ ፎርጅድ ካርድ የመግዛት ስጋትም ይቀራል። ግን እሱም ፍላሽ ነው፣ እንደ ካርዱ መብራት ይፈራል። ስለዚህ ሲስተሙ ያለበትን ክፍል ለንባብ ብቻ አድርጉት። ራስፒ ኮንፊግ በሚባለው የፓይ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ “ፐርፎርማንስ ኦፕሽንስ” ከሚለው ሥር “ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም” የሚል ምርጫ አለ፤ ሲበራ ለውጡ ሁሉ ራም ላይ ይሆንና ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የዕለቱን ቁጥርና ሪፖርት ለማስቀመጥ 1 ጊጋባይት ያህል የተለየ ክፍል ክፈቱ። እዚያ ስትጽፉ መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጽፋችሁ፣ ወደ ዲስክ መውረዱን አረጋግጣችሁ፣ ከዚያ ስሙን በዋናው ፋይል ስም ተኩ። ዋናውን ፋይል ከፍቶ በላዩ ላይ መጻፍ ባዶ ፋይል ይዞ መነሣትን ያስከትላል። በደንበኛ እጅ ያሉትን ስድስቱንም ዛሬውኑ በዚህ መንገድ ማስተካከል ትችላላችሁ፤ ካርዳቸውን ግን ለኢንዱስትሪ ተብሎ በተሠራ ካርድ ቀይሩት።

ቀጥሎ መብራቱ። መብራት ሲሄድ ቦርዱ ጽሑፉን ጨርሶ የሚዘጋበት 10 ሰከንድ ያህል ስጡት። ለዚህ ትልቅ ባትሪ አያስፈልግም። ባለ 2.7 ቮልት 10 ፋራድ ሱፐርካፓሲተር 6 በተከታታይ ሲያያዙ 16.2 ቮልት የሚችል፣ 1.67 ፋራድ የሆነ ማጠራቀሚያ ይሆናሉ። ከ12 ቮልት አዳፕተሩ ቀጥሎ 5 አምፔር የሚችል ሾትኪ ዳዮድ (ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ከዳዮዱ ቀጥሎ ቦርዱና ማጠራቀሚያው። 5 ዋት የሚበላ ቦርድ ቮልቴጁ ወደ 8 እስኪወርድ 10 ሰከንድ ያህል ይቆያል። በየካፓሲተሩ ላይ ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ካልታሰረ አንዱ ከ2.7 ቮልት በላይ ይሸከምና ይነፋል። ባዶ ሱፐርካፓሲተር ደግሞ ለአዳፕተሩ እንደ ሾርት ነው፤ መብራት በመጣ ቁጥር አዳፕተሩ ራሱን እየዘጋ “ጭጭ” ይላል። በ10 ኦም 10 ዋት ሬዚስተር በኩል ይሞላ፣ ሲያወጣ ግን በሬዚስተሩ ላይ በተሻገረ ሌላ ሾትኪ ዳዮድ በኩል ይውጣ።

መብራቱ መሄዱን ቦርዱ የሚያውቀው ከመጀመሪያው ዳዮድ በፊት በሚታሰር ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግር ቺፕ) ነው፤ ፒሲ 817 ከ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሶፍትዌሩ መብራት እንደሄደ ሙሉ በሙሉ ራሱን እንዲያጠፋ ከታዘዘ፣ መብራቱም በ6ኛው ሰከንድ ከተመለሰ፣ ቦርዱ ጠፍቶ ይቀራል። ኃይሉ ጭራሽ ስላልተቋረጠበት የሚያስነሣው የለም፤ ሰው ሄዶ ገመዱን መንቀል አለበት። ስለዚህ “ጥፋ” አትበሉት። ጽሑፍ ያቁም፣ የመረጃውን ክፍል ለንባብ ብቻ ያድርግ፣ ከዚያ ይጠብቅ። መብራቱ ከተመለሰ ራሱን ያስነሣ፤ ካልተመለሰ ማጠራቀሚያው አልቆ በሰላም ይጠፋል።

ፕሪንተሩን ከዚህ መስመር አውጡት። ሲያትም እስከ 2 አምፔር የሚደርስ ግፊት ይስባል፤ ጥቁር የበዛበት አርማ ሲመጣ ይብሳል። የራሱ አዳፕተር ይኑረው፣ በኃይል በኩል ከቦርዱ ጋር ግራውንዱ ብቻ ይገናኝ። ቦርዱን በ5 ቮልት የምትመግቡበት ማሽን ካለ ገመዱን ተጠንቀቁ። ቀጭኑ ባለ 28 ቁጥር ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ያህል አለው፤ መሄጃና መመለሻው 0.42 ይሆናል። 1.5 አምፔር ሲያልፍበት ከ0.6 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ከ5.1 ቮልት የተነሣው ቦርዱ ጋ ሲደርስ 4.5 ሆኗል፤ ፓይ 4 ከ4.63 በታች ሲወርድ ኃይል አነሰኝ ይላል። በባለ 20 ቁጥር ሽቦ የሚባክነው 0.1 ቮልት ብቻ ነው። ቻርጀሩን ደጋግሞ ከመቀየር በፊት ገመዱን መለካት ይቀድማል።

ስለ ወረቀቱም አንድ ነገር። በርካሽ ፕሪንተሮች ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለማይገኝ የአማርኛው ጽሑፍ እንደ ሥዕል መላክ አለበት። የ58 ሚሊሜትር ፕሪንተር በመስመር 384 ነጥብ፣ ማለትም 48 ባይት ይወስዳል። 5 ሴንቲሜትር የሚረዝም ወረቀት 400 መስመር ስለሆነ 19,200 ባይት ይሆናል። ፕሪንተሩ በሲሪያል በ9600 ፍጥነት ከተያያዘ በሰከንድ 960 ባይት ብቻ ያልፋል፤ አንድ ቁጥር ለማውጣት 20 ሰከንድ! ታካሚው ቁልፉን አምስት ጊዜ ይጫናል፣ አምስት ቁጥር ይወጣል። ፍጥነቱን 115200 ስታደርጉት ወደ 1.7 ሰከንድ ይወርዳል፤ በዩኤስቢ የሚገናኝ ከገዛችሁ ጥያቄው ራሱ አይነሣም። ፎንቱን ከዊንዶውስ አትቅዱ፤ በነፃ ፈቃድ የተለቀቁት አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ ለሚሸጥ ዕቃ ይፈቀዳሉ።

የቦርዱን ዋችዶግ አብሩት፤ በየጊዜው ካልተነካካ ቦርዱን መልሶ የሚያስነሣ ሰዓት ቆጣሪ ነው። በዚህ ቺፕ ላይ ከፍተኛው የመጠበቂያ ጊዜ 15 ሰከንድ ስለሆነ 10 ላይ ብታደርጉት ይሻላል። ዋችዶጉን የሚነካካው የወረፋው ፕሮግራም ራሱ ይሁን፤ ሌላ ፕሮግራም ከነካካው ሲስተሙ ነቅቶ ወረፋው ተኝቶ ሊውል ይችላል።

ከማስረከባችሁ በፊት አንዱን ማሽን በታይመርና በሪሌይ 500 ጊዜ አጥፍታችሁ አብሩት። በየ3 ደቂቃው ከሆነ 25 ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ከመሰላችሁ አስቡት፦ 30 ማሽን በየቀኑ አንዴ ብቻ መብራት ቢጠፋበት በወር 900 ይሆናል። ሞጁሉን ስትገዙም 30 ሳይሆን 33 ግዙ። ኢኤምኤምሲው ተነቅሎ የሚለወጥ አይደለም፤ የተበላሸበት ሞጁል ሙሉውን ይቀየራል።

ጥያቄ፦ 500 እንቁላል የሚይዝ ማስፈልፈያ ማሽን እየሠራሁ ነው። ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ማገላበጫውን በራስፕቤሪ ፓይ ልቆጣጠር አስቤያለሁ። የቱ ሞዴል ይበቃኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የትኛውም አያስፈልግዎትም። ሥራዎ ሁለት ሴንሰር ማንበብ፣ ማሞቂያ ማብራት፣ በየተወሰነ ሰዓት ሞተር ማዞር ነው። ኢኤስፒ 32 የሚባለው ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ይህን ሁሉ ይሠራል፣ መብራት ሲመለስ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ሥራ ላይ ነው፤ መብራት ሲሄድ የሚበላሽ ካርድም የለውም። ዋይፋይ ስላለው በስልክ ማየትም ይቻላል።

ገንዘብዎን ሴንሰሩና ማሞቂያውን በሚያበራው ክፍል ላይ ያውሉት። ማራገቢያ ባለው ማስፈልፈያ የዶሮ እንቁላል ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ዲኤችቲ 22 የሚባለው ሴንሰር ደግሞ በግማሽ ዲግሪ ሊሳሳት እንደሚችል አምራቹ ራሱ ይጽፋል። ኤስኤችቲ 31 ስሕተቱ በተለምዶ 0.2 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሁለት አድርገው በተለያየ መደርደሪያ ይስቀሉ።

በየሱቁ የሚገኘው ሰማያዊ ሪሌይ ደግሞ ለማሞቂያ አይሆንም። በሙሉ ጭነት የሚጠበቅበት ዕድሜ 100,000 ጊዜ ያህል መክፈትና መዝጋት ነው። ሙቀቱን አጥብቆ ለመያዝ በደቂቃ 3 ጊዜ ቢሠራ በቀን 4,320፣ በ23 ቀን ውስጥ ዕድሜውን ጨረሰ ማለት ነው። አንድ ዙር ፍልፈላ 21 ቀን ነው! ሪሌዩ የሚሞተው ሁለተኛው ዙር እንደተጀመረ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ተጣብቆ ነው የሚሞተው፣ ማሞቂያው እንደበራ ይቀራል። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለውን ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ከነማቀዝቀዣ ብረቱ ይግጠሙ። እሱም ሲበላሽ በአብዛኛው እንደበራ ስለሚቀር፣ ከቦርዱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ 39 ዲግሪ ላይ የማሞቂያውን መስመር የሚቆርጥ ሜካኒካል ቴርሞስታት በተከታታይ ያስገቡ። ይህን ማንም ርካሽ ፍለጋ ብሎ እንዳይተወው አጥብቀን እንለምናለን፤ ፕሮግራምዎ ፍጹም ቢሆን እንኳ 500 እንቁላል የሚያድነው እሱ ነው።

የኢኤስፒ 32ን ፒኖች ሲመርጡ 12ን ይተዉት። በሚነሣበት ቅጽበት ቮልቴጅ ካገኘው ቦርዱ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። ለሪሌይ 25፣ 26 እና 27 ደህና ናቸው፤ ቦርዱ እስኪነቃ ድረስ ማሞቂያው እንዳይበራ በ10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ ይሰሯቸው።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ ዋጋው ግማሽ፣ ራሙ እጥፍ የሆነ ቦርድ አግኝተናል። ሻጩ “ከራስፕቤሪ ፓይ ጋር አንድ ነው” ይላል። 200 ዕቃ ልንሠራበት ነው፤ ምን ትላላችሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አንድ የሆነው የ40ዎቹ ፒኖች አቀማመጥና የሰሌዳው ስፋት ነው። ውስጡ ሌላ ነው። ሻጩን ስለ ራሙ አትጠይቁት፤ የሊነክስ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የት እንደሚገኝ ጠይቁት። ቦርዱ የሚሠራው አምራቹ ከዓመታት በፊት አንዴ አስተካክሎ በለቀቀው ከርነል ብቻ ከሆነ፣ የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ የሚዘጋላችሁ የለም። ዋናው የሊነክስ ከርነል ቦርዱን በስሙ የሚያውቀው ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ የሮክቺፕና የኦልዊነር ቺፕ ካላቸው ርካሽ ቦርዶች መካከል እንዲህ ያሉ ጥሩ ጥሩ አሉ። ስለዚህ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትጣሉት።

ሁለተኛው ስጋት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ዛሬ 20 ገዝታችሁ ሁሉም ይሠራሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ የመጣው ካርቶን ላይ ስሙ ያው፣ የዋይፋይ ቺፑ ግን ሌላ ይሆናል። ሶፍትዌራችሁ ይነሣል፣ ዋይፋይ የለም። ቺፕ ሲቀይር አስቀድሞ በጽሑፍ የሚያሳውቅ አምራች መሆኑን አጣሩ። ካላሳወቀ 200ውን ከእነመለዋወጫው በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ካልሆነም ተዉት።

ግን ታዋቂውን መርጦ መተኛትም አያዋጣም። ከ2021 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ራስፕቤሪ ፓይ ራሱ ከገበያ ጠፍቶ ምርታቸው የቆመባቸው ብዙ ናቸው። መከላከያው ሶፍትዌሩን ከቦርዱ ማላቀቅ ነው። ፓይ 5 ሲወጣ የሆነውን ተመልከቱ፦ ፒኖቹ አርፒ 1 ወደሚባል የተለየ ቺፕ ስለተዛወሩ፣ የድሮውን ቺፕ በቀጥታ የሚነካው ታዋቂው የፓይተን ጂፒአይኦ ላይብረሪ መሥራት አቆመ። ፒኖቹን በከርነሉ በኩል በሚነካው በሊብጂፒአይኦዲ የጻፉት ግን የቺፑን ስም ከማስተካከል በቀር ብዙ አልተቸገሩም። ለየትኛውም ቦርድ ስትጽፉ ፒኖቹን በከርነሉ በኩል ንኩ፣ የፒን ቁጥሮቹን በአንድ ፋይል ሰብስቡ። የራሳችሁን ተሸካሚ ሰሌዳ በኮምፒውት ሞጁል 4 ዙሪያ ካስነደፋችሁ፣ 5ኛው ሞጁል በስፋትም በኮኔክተርም ይገጥማል፤ ነገር ግን አንደኛው የካሜራና አንደኛው የስክሪን መስመር በዩኤስቢ 3 ስለተተካ እነዚያን መስመሮች ባትጠቀሙባቸው መንገዱ ክፍት ይሆንላችኋል።

ዕቃችሁ ሞተር በትክክለኛ ምት የሚያዞር ከሆነ ቢግልቦን ብላክንም እዩት። 1 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 512 ሜጋባይት ራም ብቻ ቢኖረውም፣ ሊነክሱ ምንም ቢጨናነቅ የማይዘገዩ ሁለት ባለ 200 ሜጋኸርዝ ረዳት ፕሮሰሰሮች በውስጡ አሉ። የሰሌዳው ንድፍ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ከገበያ ቢጠፋ እንኳ ማሠራት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ውስጡ ራስፕቤሪ ፓይ ያለበትን ዕቃ በራሴ ስም መሸጥ ሕግ ይከለክላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይከለክልም። አርማቸውን በሳጥኑ ላይ ለማተም ግን ማመልከት ያስፈልጋል። ሊነክስ ጂፒኤል በሚባለው ክፍት ፈቃድ ስለሚሠራጭ፣ ከርነሉን ባይለውጡትም ዕቃውን የገዛዎት ሰው ሲጠይቅ የከርነሉን ኮድ፣ ከለወጡትም ከነለውጡ መስጠት አለብዎት፤ የራስዎን ፕሮግራም ግን መስጠት አይጠበቅብዎትም። ዋይፋይ ወይም ሲም ካርድ ያለው ዕቃ ከሆነ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ይጠይቃል። የሬዲዮ ክፍሉን የምርመራ ሰነድ ከአምራቹ አስቀድመው ይያዙ፤ አንቴናውን ከቀየሩ ያ ሰነድ ለእርስዎ ዕቃ አይሠራም። ዋይፋይ ካላስፈለገዎት ደግሞ ዋይፋይ የሌለውን ሞጁል ይግዙ፣ የዋይፋዩ ጣጣ ይቀርልዎታል።

ጥያቄ፦ እዚህ ደጅ የሚሰቀል የመኪና ማቆሚያ ማስታወቂያ ስክሪን እየገጣጠምን ነው። ሳጥኑ ዝናብና አሸዋ እንዳያስገባ የታሸገ ነው። በበጋ ፓይ 4 ይችለዋል? (ከሻርጃ)

መልስ፦ የፓይ 4 የሥራ ሙቀት እስከ 50 ዲግሪ ነው። ያ ግን ቦርዱን የከበበው አየር ሙቀት ነው፤ የመንገዱ አይደለም። ስሌቱን እንሥራ። ሳጥኑ 20 በ15 በ10 ሴንቲሜትር ቢሆን ዙሪያው በድምሩ 0.13 ካሬ ሜትር ነው። ነፋስ በሌለበት አንድ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 6 ዋት ያህል ያስወጣል። ቦርዱና አዳፕተሩ 8 ዋት ቢበሉ ውስጡ ከውጭው በ10 ዲግሪ ይበልጣል። ውጭው 45 ከሆነ ውስጡ 55 ሆነ፤ ፀሐይ ገና አልተቆጠረችም። ጥቁር ሳጥን ከሆነማ ተዉት።

ኮምፒውት ሞጁል 4 እስከ 85 ዲግሪ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ያኔም ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀቱን አውጡለት፦ ከፕሮሰሰሩ እስከ ሳጥኑ የአሉሚኒየም ጀርባ ድረስ የሚደርስ የአሉሚኒየም ቁራጭ በሙቀት አስተላላፊ ፓድ አጣብቁ፣ የሳጥኑ ጀርባ ወደ ጥላው ይዙር፣ ፊቱን ነጭ ቀቡት፣ ከላዩ 3 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ያለ የጥላ ቆርቆሮ አድርጉለት። የቆርቆሮዋን ዋጋ አትሳሱ፤ ከሁሉም በላይ የምትሠራው እሷ ናት። አዳፕተሩን ከሳጥኑ ውጭ በራሱ ሳጥን አኑሩት። ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ 105 ዲግሪ የሚል የተጻፈባቸውን ምረጡ። ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ግን ምናልባት ቦርዱ ሳይሆን ስክሪኑ ነው፤ ለቤት የተሠራ ኤልሲዲ ቀጥታ ፀሐይ ሲያገኘው መሃሉ ይጠቁራል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ማሽናችን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የቆየ ቀን ያሳያል። የእኛን ሰዓት እንዲያሳይ ብለን ሰዓቱን 6 ሰዓት ወደኋላ እንሞላዋለን። ኢንተርኔት ሲያገኝ ደግሞ ይዘበራረቃል። የሰዓት ሞጁል ገዛን፣ ባትሪው አበጠ። (ከደሴ)

መልስ፦ እስከ ፓይ 4 ድረስ ያሉት ቦርዶች ሰዓት የላቸውም። ሲነሡ መጨረሻ ያስታወሱትን ሰዓት ይዘው ይቀጥላሉ፤ ሲስተሙን ለንባብ ብቻ ካደረጋችሁት ደግሞ የሚያስታውሱት ያን የዘጋችሁበትን ቀን ነው። ቀኑ ከተሳሳተ ሰርቨሩ ጋር የሚደረገው የተመሰጠረ ግንኙነትም “ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም” እያለ ይከለክላል። ፓይ 5 ሰዓት አለው፣ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል።

ያበጠው ባትሪ ታሪኩ የታወቀ ነው። በብዛት የሚሸጠው ሰማያዊ ዲኤስ 3231 ሞጁል ባትሪ የሚሞላ መስመር አለው። የሞጁሉ ሠሪዎች ያሰቡት በሚሞላው ኤልአይአር 2032 ነው፤ ሁላችንም የምናስገባው ግን የማይሞላውን ሲአር 2032 ነው። ሞጁሉ 5 ቮልት ሲሰጠው የማይሞላው ባትሪ ይሞላል፣ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ባትሪ ማስቀመጫው አጠገብ ካለችው ትንሽ የመስታወት ዳዮድ ጋር የተያያዘች 201 የሚል የተጻፈባት ሬዚስተር አለች፤ እሷን በብየዳ ብረት አንሡ። ሞጁሉንም ከ3.3 ቮልት ፒን መግቡት፤ በ5 ቮልት ከመገባችሁት የመረጃ መስመሮቹም ወደ 5 ስለሚሳቡ የፓዩን ፒን ይጎዳሉ።

ሰዓቱን ወደኋላ መሙላት ተዉ። ማሽኑ ውስጡ ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ይያዝ፣ መዝገቡም በዚያው ይጻፍ፤ የእኛ ሰዓትና የእኛ ቀን ስክሪኑና ወረቀቱ ላይ ሲወጣ ብቻ ይሰላ። ስድስት ሰዓት ወደኋላ የተሞላ ማሽን ቀኑን የሚቀይረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ሌሊት የገባ ታካሚ በመዝገቡ የትናንት ሆኖ ይገኛል። ስሌቱን ስትጽፉ ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን አታድርጓት። በ2015 ዓ.ም. 6 ነበረች፣ ቀጥሎ 6 የምትሆነው በ2019 ዓ.ም. ነው፤ የ2020 መስከረም 1 ቀንም ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ላይ ይውላል። አንዱን ማሽን ከኢንተርኔት አላቃችሁ ሰዓቱን ወደ ጳጉሜን 5 ቀን 2019 ማታ ውሰዱትና ሦስት ቀን ተዉት። መስከረም 2 ጠዋት የሚያትመውን ወረቀት ቀን እዩ።